የካንቶን ሰዎች በብርድ ወራት ስለሚያከብሩት በዓል

በቻይና አገር በስተ ደቡብ፣ በባሕሩ ዳርቻ፣ ካንቶንኛ የሚናገሩ ሕዝብ ይኖራሉ፤ ታላላቆቹ ከተሞቻቸውም ጓንጆና ሆንግ ኮንግ ናቸው። በኢትዮጵያ በጋ የሆነው የታኅሣሥ ወር በዚያ የብርድ ወራት ነው። ታኅሣሥ 12 ወይም 13 ቀን ገደማ መዓልቱ ከዓመቱ ሁሉ ያጥራል፤ በጓንጆ ከፀሐይ መውጫ እስከ መግቢያ 11 ሰዓት አይሞላም። ከዚያ ወዲያ ብርሃን ዕለት ዕለት ስለሚጨምር፣ ቻይኖች ቀኑን የሙቀት መመለሻ ነው ብለው ያከብሩታል። በካንቶንኛ ስሙ ዱንግ ጂ ነው።

በዓሉ ጥንታዊ ነው፤ የዛሬ 2000 ዓመት ገደማ፣ በሃን ነገሥታት ዘመን፣ ሹማምንቱ በዚህ ቀን ከሥራ ያርፉ ነበር። ካንቶኖችም «የብርዱ በዓል ከዘመን መለወጫ ይበልጣል» ይላሉ፤ ይኸውም ቤተሰቡ ሁሉ በአንድ ገበታ የሚሰበሰብበት ስለ ሆነ ነው።

ከገበታው የማይቀር ምግብ ዶሮ ነው፤ «ዶሮ የሌለበት ግብር ግብር አይደለም» የሚል ተረት አላቸውና። ዶሮውን ሳይበልቱ ሙሉውን በውሃ ቀስ አድርገው ይቀቅሉታል፤ ከነአጥንቱም ቆራርጠው ከዝንጅብል፣ ከሽንኩርት ቅጠልና ከዘይት ጋር ያቀርቡታል። ደግሞ በወራቱ ደረቅ ነፋስ የደረቀ የአሳማ ሥጋ፣ ቋሊማና ዳክዬ በሩዝ ላይ በእንፋሎት ይበስላል።

ከሁሉ ይልቅ ትርጓሜ ያለው ምግብ ግን ቶንግ ዩን ነው። የሚጣበቅ የሩዝ ዱቄት ለብ ባለ ውሃ ይታሻል፤ አያቶችና የልጅ ልጆች አብረው ተቀምጠው በመዳፋቸው ያድቦለቡሉታል፤ በውስጡም የሸንኮራ ስኳር ወይም የተወቀጠ ሰሊጥና ለውዝ ያደርጉበታል። በፈላ ውሃ ሲጨመር መጀመሪያ ይሰጥማል፤ ሲበስል ይንሳፈፋል፤ ዝንጅብልና ስኳር በፈላበት ውሃም ይበላል። በአንዳንድ መንደር ግን ስኳሩ ቀርቶ ከፍጅልና ከቋሊማ ጋር በጨው መረቅ ይሠራል። ስሙ ትዩን ዩን ከሚለው ቃል ጋር በድምፅ ይመሳሰላል፤ ይህም የቤተሰብ መገናኘት ማለት ነው። ክብነቱም ያልጎደለ ነገር ምልክት ነው።

ማታ፣ ከመብላት አስቀድሞ፣ ምግቡ በሞቱት አባቶች መታሰቢያ ፊት ይቀርባል፤ ዕጣንም ይጨሳል። ከዚያ ወደ ገበታ ሲቀርቡ፣ ልጆች ከትልቁ ጀምረው «አያቴ ይብሉ፤ አባቴ ይብሉ» እያሉ በዕድሜ ተራ ይጋብዛሉ እንጂ አስቀድመው አይበሉም።

ይህ መሰብሰብ ግን ለሁሉ እኩል ደስታ አልነበረም። እንደ ቀድሞው ልማድ ያገባች ሴት ልጅ የበዓሉን ራት በባሏ ቤት ትበላለች እንጂ ወደ ወላጆቿ ቤት አትሄድም ነበር፤ እናትም ገበታዋን ያለ ልጇ ትዘረጋ ነበር። ዛሬ ብዙ ቤተሰብ ለዚህ መላ አግኝቷል፤ አንዱን ራት ከበዓሉ ቀን አስቀድሞ ከሴቲቱ ወላጆች ጋር፣ ሁለተኛውን በዕለቱ ከባል ወላጆች ጋር ይበላሉ።

በሆንግ ኮንግ ሕግ አሠሪው ይህን ቀን ወይም የፈረንጆችን የልደት ቀን መርጦ ለሠራተኛው ዕረፍት ይሰጣል። ዕረፍቱ ባይደርሳቸውም፣ ብዙዎች በዚያ ማታ ከሥራ ቀደም ብለው ይወጣሉ፤ በቤት ሽማግሌዎች ገበታውን ዘርግተው ይጠብቋቸዋልና።