ዝርዝሩ የሚዘላቸው በሮች

ዋሽንግተን ዲሲ ውስጥ ለከተማ ምክር ቤት የሚወዳደር ሰው ዘመቻውን የሚጀምረው ከመራጮች ዝርዝር ነው። ዝርዝሩ የሕዝብ ሰነድ ስለሆነ ማንኛውም ዕጩ ከምርጫ ቦርድ ጠይቆ ያገኘዋል። የእያንዳንዱ የተመዘገበ መራጭ ስም፣ አድራሻ፣ ፓርቲ፣ ደግሞም በየትኞቹ ምርጫዎች ድምፅ እንደሰጠ ተጽፎበታል። ማንን እንደመረጣችሁ ማንም አያይም። መምረጥ አለመምረጣችሁ ግን ይታያል። ይህን የሚያውቁ ወገኖቻችን ጥቂት ናቸው። በ2020 ለፕሬዚዳንት ተሰልፎ መርጦ በ2022 የከተማው ምርጫ ላይ የቀረ ሰው፣ ዝርዝሩ ላይ ከስሙ ትይዩ ባዶ ቦታ አለ።

ዋርድ 1 እና ዋርድ 4 ውስጥ ለዓመታት በር ሳንኳኳ፣ ፊርማ ሳሰባስብ፣ በጎ ፈቃደኞችን በየመንገዱ ስደለድል ስለኖርኩ ከውስጥ ያየሁትን ልንገራችሁ። ቅዳሜ ጠዋት ለበጎ ፈቃደኛው ስልኩ ላይ የሚጫንለት የቤት ዝርዝር የሰፈሩን ቤት ሁሉ አይዝም። ባለፉት ሁለት ሦስት የፕሪሜሪ (ፓርቲ ዕጩውን የሚለይበት) ምርጫዎች የመረጡ ሰዎች ተጣርተው ይወጣሉ፤ ሌላው ይቀራል። ዲሲ ውስጥ ደግሞ ለአብዛኛው ወንበር ወሳኙ የዲሞክራቶች ፕሪሜሪ ነው፤ ኖቬምበር ላይ የሚደረገው ብዙ ጊዜ ያለቀለት ነገር ነው። ስለዚህ በጎ ፈቃደኛው አፓርታማው ውስጥ 302ን ያንኳኳል፣ 304ን ያልፋል፣ 305ን ያልፋል፣ 307ን ያንኳኳል። ከ304 በር ሥር የሚቆላ ቡና ሽታ ይመጣል፤ በሩ ላይ የአምስት ሰው ጫማ ተደርድሯል። ስልኩ ግን እለፍ ብሎታልና ያልፋል።

ክፋት አይምሰላችሁ። ዘመቻ ጊዜም ገንዘብም የለውም፤ ከማይመርጥ ሰው ጋር የሚጠፋው ሩብ ሰዓት ከሚመርጠው ላይ የተወሰደ ነው። ግን ውጤቱን ተመልከቱት። የማይመርጥ ሰው አይጠየቅም፤ ያልተጠየቀ ሰው ደግሞ ምርጫ መኖሩንም ሳይሰማ ያልፈዋል፤ በሚቀጥለው ዓመትም ስሙ እንደገና ተጣርቶ ይወድቃል።

በዚህ ላይ የስማችን ጉዳይ አለ። አንዳንድ የዘመቻ ሶፍትዌሮች ቤተሰብን የሚያሰባስቡት በመጨረሻ ስም ነው። እኛ ዘንድ ባል በአባቱ፣ ሚስት በአባቷ፣ ልጆች በአባታቸው ስም ይጠራሉ፤ ስለዚህ አንድ ቤት የሚኖር ቤተሰብ እንደማይተዋወቁ ተከራዮች ተበታትኖ ይወጣል። ቋንቋና ትውልድ የሚገመተውም ከስም ነው። ዳንኤል ሰሎሞን፣ ሳራ አብርሃም፣ አሕመድ ሁሴን የሚባል ሰው ሐበሻ መሆኑን ማሽን ከየት ያውቃል? በአማርኛ የታተመው ፍላየር እነሱ ቤት አይደርስም። ዲሲ በ2004 ያወጣው የቋንቋ ሕግ አማርኛን የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች አገልግሎት ከሚሰጡባቸው ቋንቋዎች አንዱ አድርጎታል፤ የዘመቻ ቢሮ ግን የመንግሥት መሥሪያ ቤት አይደለም። እኛው ካልነገርነው አያውቀንም።

አሁን ማኅበረሰባችን ለዕጩዎች ወደሚያዘጋጀው እራት ልምጣ። ዕጩው ሬስቶራንት ይመጣል፣ ክትፎው ይቀርባል፣ ንግግር ይደረጋል፣ ሁሉም ፎቶ ይነሣል። ከአዳራሹ ሲወጡ የዘመቻው ሰዎች መኪና ውስጥ እርስ በርስ የሚጠያየቁት ጥያቄ አንድ ነው፦ ከነዚህ ሰዎች ስንቱ ዲሲ ነው የሚኖረው? መልሱ ያማል። የቤት ኪራይ ካሻቀበ ወዲህ ብዙ ባለ ንግዶቻችን ቤታቸው ሲልቨር ስፕሪንግ ወይም አሌክሳንድሪያ ነው፤ ሱቃቸውና ሬስቶራንታቸው ብቻ ዲሲ ቀርቷል። ግብር የሚከፍሉበት ከተማ ላይ ድምፅ የላቸውም።

ገንዘቡም እንደምናስበው አይደለም። አብዛኛው ዕጩ የሚገባበት ፌር ኢሌክሽንስ የሚባል የከተማው ፕሮግራም አለ። ዕጩው ከግለሰብ ብቻ፣ በትንሽ በትንሹ ይቀበላል፤ ለዋርድ ወንበር ከአንድ ሰው ከ50 ዶላር አይበልጥም። የዲሲ ነዋሪ ከሰጠ ከተማው አምስት እጥፍ ይጨምርበታል፤ 50ው 300 ይሆናል። ሜሪላንድ የሚኖር ሰው የሰጠው 50 ግን 50 ሆኖ ይቀራል። በሬስቶራንቱ ስም የተጻፈ ቼክ ተመላሽ ነው። በነፃ የቀረበው ምግብ ራሱ በመዋጮ ይቆጠራል፤ ሒሳቡን የሚይዘው ሰው ሌሊቱን የሚጨነቅበት እሱ ነው። ስለዚህ ታክሲ እየነዳ ዲሲ ውስጥ ፔትዎርዝ ሰፈር የሚኖር ወንድማችን የሚሰጣት 10 ዶላርና ድምፁ ከዚያ ሁሉ እራት ይበልጣል። ይህን እዚያው አዳራሽ ውስጥ ቆሞ የተናገረ ሰው አላየሁም፤ ባለቤቱን ማስቀየም ይሆናል ተብሎ ይታለፋል።

ከምክር ቤቱ 13 ወንበሮች በታች ደግሞ ማንም የማያወራለት ወንበር አለ። ኤኤንሲ ይባላል፤ የሰፈር አማካሪ ኮሚሽን ማለት ነው። አንድ ኮሚሽነር ወደ 2,000 የሚሆን ነዋሪ ይወክላል፣ ደመወዝ የለውም፣ ፓርቲ የለውም፣ ዘመኑ ሁለት ዓመት ነው። ስሙ ትንሽ ነው እንጂ ሥራው ትንሽ አይደለም። የከተማው መሥሪያ ቤቶች የኮሚሽኑን አስተያየት ከፍተኛ ክብደት ሰጥተው እንዲመለከቱ ሕግ ያስገድዳቸዋል፤ ካልተቀበሉትም ምክንያታቸውን መግለጽ አለባቸው።

ይህ ለእኛ ምን ማለት ነው? ዩ ስትሪትና ናይንዝ ስትሪት ላይ መጠጥ የሚሸጥ ቤት ያለው ሰው ያውቀዋል። የመጠጥ ፈቃድ በየሦስት ዓመቱ ይታደሳል። ማስታወቂያው መስኮቱ ላይ ሲለጠፍ ኮሚሽኑ ተቃውሞ ማስገባት ይችላል። ተቃውሞው ከገባ ባለቤቱ ጠበቃ ይይዛል፣ ወይ ደግሞ የስምምነት ሰነድ ይፈርማል፦ ሙዚቃ እስከ ስንት ሰዓት፣ ውጭ ስንት ወንበር፣ በረንዳው መቼ ይዘጋል። አንዴ ከተፈረመ ለዓመታት ከፈቃዱ ጋር ይኖራል። እነዚህን ሰነዶች ደርድሬ አንብቤአለሁ። ባለቤቱ ስብሰባው የተጠራበትን ምሽት ሳያውቅ፣ አንድም የሚያውቀው ሰው ጠረጴዛው ላይ ሳይኖር የተወሰኑ ብዙ ናቸው። አርብ ማታ ቤቱ ሲሞላ ማይክራፎኑን የሚያስዘጋው አንቀጽ የተጻፈው፣ ረቡዕ ማታ ሃያ ሰው በማይሞላበት የዙም ስብሰባ ላይ ነው። ፓርኪንግ የጠፋበት የአውቶቡስ መስመር፣ የውጭ መቀመጫው ፈቃድ፣ ከጎን የሚቆመው ፎቅ፣ ሁሉም በዚያው በር ያልፋል።

ወንበሩ ደግሞ ቅርብ ነው። ለመወዳደር የሚያስፈልገው ኮሚሽነሩ በሚወክለው ቀበሌ ውስጥ 60 ቀን መኖርና የ25 የተመዘገቡ ነዋሪዎች ፊርማ ነው። በየምርጫው ተወዳዳሪ የሌለባቸው፣ አንዳንዴም ጭራሽ ዕጩ ያልቀረበባቸው ወንበሮች አሉ፤ በእጅ በተጻፈ ስም የሚያሸንፍም አለ።

ታዲያ 25 ፊርማ ለምን ይከብደናል? አንድ ጊዜ ከአንድ ወጣት ዕጩ ጋር ያንኳኳነው በር ላይ አንዲት እናት ነበሩ። በሩን በሰንሰለቱ ልክ ከፈቱት። ሰላምታውን ጨርሰን ወረቀቱን ሳሳያቸው ፊታቸው ተለወጠ።

«ይህ ፊርማ የት ነው የሚሄደው ልጄ?»

«ምርጫ ቦርድ ነው እትዬ።»

«ሌላስ ማን ያየዋል?»

መዋሸት አልፈለግሁም፤ ወረቀቱ የሕዝብ ሰነድ ስለሆነ የፈለገ ሊያየው እንደሚችል ነገርኳቸው። ዝም አሉ። ፊርማ ሰው የሚያስበላበት፣ ስም የሰፈረበት ወረቀት ከዓመታት በኋላ የሚመዘዝበት ዘመን ያሳለፈ ሰው ዝምታ ነው። ፖለቲካና ኮረንቲን በሩቁ ሲባል አድገን፣ እዚህ ስንመጣ ያንን ፍርሃት አውልቀን አንጥለውም። በዚህ የሚስቁ ወጣት በጎ ፈቃደኞች ሲያጋጥሙኝ እቆጣለሁ። በመጨረሻ እትዬ ወደ ልጁ ዞረው «አንተ የማን ልጅ ነህ?» አሉ። አባቱን፣ አያቱን፣ እናቱ የምትሠራበትን ነገራቸው። ሰንሰለቱ ወረደ፤ ፈረሙ።

ፊርማቸው ግን አልተቆጠረም። የተመዘገቡት በድሮው አድራሻቸው ነበር። ዘመቻዎች ከሚያስፈልገው እጥፍ ፊርማ የሚሰበስቡት ለዚህ ነው፤ ተቃዋሚ ወረቀቱን እየመረመረ አድራሻው ያልገጠመውን፣ ያልተመዘገበውን፣ ከቀበሌው ውጭ የሚኖረውን አንድ በአንድ ሊያስወጣ ይችላል። ቤት በቀየራችሁ ቁጥር ምዝገባችሁንም ቀይሩ። የፖስታ ድምፅ መስጫውም ላይ ሌላ ፊርማ አለ። ዲሲ ለተመዘገበ መራጭ ሁሉ ወረቀቱን ቤቱ ድረስ ይልካል፤ ፖስታው ላይ ያለው ፊርማ በመዝገብ ካለው ጋር ይመሳከራል። ሲመዘገብ በአማርኛ ፈርሞ ፖስታው ላይ በእንግሊዝኛ የሚፈርም ሰው ችግር ሊገጥመው ይችላል። አንዱን ያዙ።

ስለ ዜግነትም በግልጽ መነጋገር ይገባናል፤ በጆሮ የሚነገረው ወሬ ሰው እየጎዳ ነው። የዲሲ ምክር ቤት በ2022 ባወጣው ሕግ መሠረት ዜጋ ያልሆነ ነዋሪ፣ 18 ዓመት ከሞላውና ከምርጫው በፊት ቢያንስ 30 ቀን በከተማው ከኖረ፣ ለከንቲባ፣ ለምክር ቤትና ለኤኤንሲ መምረጥ ይችላል፤ በ2024 ተሠርቶበታል። ለፕሬዚዳንትና ለኮንግረስ ግን አይችልም። ኮንግረስ ውስጥ ይህን ሕግ ለመሻር የሚታገሉ ስላሉ ከመመዝገባችሁ በፊት በሥራ ላይ መሆኑን ራሳችሁ ምርጫ ቦርድን ጠይቁ። ሜሪላንድ ውስጥ ታኮማ ፓርክ ከ1990ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ ዜጋ ያልሆኑ ነዋሪዎቹን በከተማው ምርጫ ያስመርጣል። ቨርጂኒያ ግን አይፈቅድም። ባልተፈቀደበት ቦታ የመረጠ ሰው ዜግነት የማግኘት ዕድሉን ሊያጣ፣ ከአገር ሊባረርም ይችላል። መንጃ ፈቃድ ሲያወጡ «ለመምረጥ መመዝገብ ትፈልጋለህ?» ለሚለው ጥያቄ ሳያነቡ አዎ ብለው ችግር ውስጥ የሚገቡ አሉ። የዜግነት ማመልከቻውም ስለ መምረጥና ስለ መመዝገብ ይጠይቃል። ግሪን ካርድ ይዛችሁ ዲሲ ውስጥ ለመምረጥ ካሰባችሁ አስቀድማችሁ የኢሚግሬሽን ጠበቃ አናግሩ። ይህን ማለቴ ላስፈራችሁ አይደለም፤ መብቱን የምትጠቀሙበት አውቃችሁ እንዲሆን ነው።

አይሆንልንም የሚል ሲያጋጥመኝ ሁለት ሰው አነሣለሁ። ጋምቤላ ተወልዶ ኬንያ የስደተኛ ካምፕ ያደገው ኦባላ ኦባላ በዲሴምበር 2019 የአሜሪካ ዜጋ ሆነ፤ ዓመት ሳይሞላው፣ በኖቬምበር 2020፣ ሚኒሶታ ውስጥ የኦስቲን ከተማ ምክር ቤት አባል ሆኖ ተመረጠ። ከኢትዮጵያውያን ወላጆች ሱዳን የተወለደው ግርማይ ዛሂላይ በ2019 ሲያትል ባለችበት ኪንግ ካውንቲ ወንበሩን ለሩብ ምዕተ ዓመት የያዙትን ላሪ ጎሴትን አሸንፎ ምክር ቤት ገባ፤ በ2025 ደግሞ የካውንቲው ዋና አስተዳዳሪ ሆኖ ተመረጠ። ሁለቱም የተነሡት ከአካባቢ ምርጫ ነው።

ለኤኤንሲ ለመወዳደር የምታስቡ ካላችሁ የፊርማ ማሰባሰቢያው ወረቀት (ፔቲሽኑ) የሚወጣው በምርጫው ዓመት በበጋ ነው። 50 ፊርማ ሰብስቡ። መጀመሪያ የራሳችሁን ሕንፃ ጨርሱ፤ ቡናው ላይ የተመዘገበና ያልተመዘገበውን ለዩ፤ ያልተመዘገበውን እዚያው በስልክ አስመዝግቡ፤ አድራሻ የቀየረውን አስተካክሉለት። ፕሪሜሪው ሲደርስም ሁሉም ይምረጥ። ከዚያ በኋላ ለምክር ቤት የሚወዳደረው ሰው ዝርዝሩን ሲያወጣ፣ ስልኩ 304ን አይዘልም።