አክስለሬተር አለን

ከጥቂት ወራት በፊት ካዛንቺስ፣ ከኡራኤል ብዙም በማይርቅ የምርመራ ማዕከል የሲቲ ስካን ክፍሉን ጨረር ስለካ፣ ሥራ ፍለጋ የመጣ አንድ ወጣት አጠገቤ ቆሞ ይጠይቀኝ ጀመር። በኒውክሌር ፊዚክስ ማስተርስ አለው። የመመረቂያ ጥናቱ አልፋ ቅንጣት ከአቶም አስኳል ጋር ሲላተም ስለሚሆነው ነው፤ በኮምፒውተር አስልቶ፣ የውጭ ቤተ ሙከራዎች ከለኩት ጋር አስተያይቶ ጨርሶታል። ራሱ ለክቶ ያውቅ እንደሆነ ብጠይቀው፣ «ጋሼ፣ በምን? እኛ አገር አክስለሬተር የለም» አለኝ። ወሬያችን ሲቀጥል ግን እናቱ ባለፈው ዓመት በሊናክ (ቀጥ ባለ መስመር በሚያፈጥን አክስለሬተር) የጨረር ሕክምና ሲከታተሉ ያመላለሳቸው እሱ እንደነበር አነሳ። ከአክስለሬተር አንድ ግድግዳ ብቻ ተለይቶት ለሳምንታት ተራ ሲጠብቅ ከርሟል። የነገረው ሰው የለም። ነገሩ እስከ ዛሬ ይከነክነኛል።

ልጁን አልወቅስም። ይህንኑ ከመምህራንም፣ በጀት ከሚይዙ ኃላፊዎችም ደጋግሜ ሰምቼዋለሁ፤ መስማቱ ሰልችቶኛል። አክስለሬተር ሲባል የሚታሰበው ጄኔቭ አጠገብ ከመሬት በታች የተዘረጋው 27 ኪሎ ሜትር ቀለበት ብቻ ነው። ኧርነስት ሎውረንስ እ.ኤ.አ. በ1931 በርክሌይ ላይ የሠራው ሳይክሎትሮን ግን በመዳፍ የሚያዝ ነበር፤ የሃይድሮጅን አዮኖችን ያፈጠነው እስከ 80,000 ኤሌክትሮን ቮልት ነው። እኔ የምለካው የካዛንቺሱ ሲቲ ስካን ኤሌክትሮኖችን በ120,000 ቮልት አፍጥኖ ከተንግስተን ጋር ያላትማል። እርግጥ ነው፣ ከሲቲው የሚወጣው ጨረር አስኳል ለመነካካት አቅም የለውም። ጉልበቱ ከፍ ያለ ሊናክ ግን አለው።

ጥቁር አንበሳ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ማስተማሪያ ሆስፒታል ነው። ከ20 ዓመት በላይ የአገሪቱን የጨረር ሕክምና በኮባልት-60 ብቻ ተሸክሞ ኖሯል። ኮባልት ማጥፊያ የለውም፤ የጨረሩም መጠን በየ5.27 ዓመቱ በግማሽ ይቀንሳል። አሁን ያሉት ሊናኮች ኤሌክትሮንን በማይክሮዌቭ እየገፉ የሚያፈጥኑ፣ ሲዘጉ ጨረራቸውም አብሮ የሚቆም ማሽኖች ናቸው። ጅማና ሐረማያ ዩኒቨርሲቲዎችም አላቸው። አክስለሬተሮቻችን ያሉት እንግዲህ በዩኒቨርሲቲዎች እጅ ነው። የፊዚክስ ተማሪው ግን ደጃፋቸውን አይረግጥም፤ ሰሌዳ ላይ ሥዕላቸውን ገልብጦ ይፈተናል።

«ሕመምተኛው ተሰልፎ ለምርምር ጊዜ ከየት ይመጣል?» ይሉኛል። ወረፋውን መንካት ነውር ነው፤ እኔም አልፈቅድም። ነገር ግን ኬፕታውን አጠገብ ያለው አይቴምባ ላብስ ለዓመታት በአንድ ሳይክሎትሮን በሥራ ቀናት ሕሙማን ሲያክምና አይሶቶፕ ሲያመርት፣ ቅዳሜና እሁድን ለኒውክሌር ምርምር ሲሰጥ ኖሯል። እኛም ዘንድ ማሽኑ ገና ሕመምተኛ ሳይገባ በየማለዳው ይፈተሻል። ያ ሰዓት ራሱ ትምህርት ቤት ነው።

በዚያ ፍተሻ ጨረሩን የምንለካበት የአዮን ቻምበር ለአየር ክፍት ነው። አዲስ አበባ ከፍታዋ 2,300 ሜትር ገደማ በመሆኑ የአየሩ ግፊት 77 ኪሎፓስካል አካባቢ ነው፤ መለኪያው የሚስተካከለው ግን በባሕር ወለል 101.3 ላይ ነው። ስለዚህ ንባቡን በ1.3 አካባቢ ማባዛት ግድ ነው። አንድ ሰው ግፊቱን ከስልኩ የአየር ጠባይ መረጃ ቢወስድ ያበቃለታል፤ እዚያ የሚሰጠው ወደ ባሕር ወለል የተመለሰው ቁጥር ነውና። የሚስተው ሩብ ያህሉን ነው። ይህ ስህተት የሚያርፈው በሰው ገላ ላይ ነው። የጋዝ ሕግን ለፈተና የሸመደደ ተማሪ እዚህ አንድ ማለዳ ቢቆም፣ ግፊትና ሙቀት ለምን እንደሚለኩ ዕድሜ ልኩን አይረሳውም።

ሌላም አለ። ሊናክ ሲበላሽ የሚያውቀው ሰው ከውጭ እስኪመጣ ሕክምና ይቋረጣል። ቫክዩም ምን እንደሆነ፣ ማግኔትሮን እንዴት እንደሚደክም፣ ጨረሩ ለምን ከመስመር እንደሚወጣ በእጁ የሚያውቅ ወጣት የምናፈራው ከዚያው ማሽን አጠገብ ነው። በአንድ በኩል ሆስፒታሎች የሕክምና ፊዚክስ ባለሙያ አጥተዋል፤ በሌላ በኩል የፊዚክስ ምሩቃን ማመልከቻ ይዘው ካዛንቺስ ውስጥ ከሕንፃ ሕንፃ ይዞራሉ።

የምጠይቀው አዲስ ሕንፃ አይደለም። በሆስፒታሉና በፊዚክስ ትምህርት ክፍሉ መካከል አንድ ስምምነት፣ ከሕክምና ሰዓት ውጭ አንድ ምሽት፣ ኃላፊነት የሚወስድ አንድ የጨረር መከላከያ ባለሙያ ይበቃል። 15 ሜጋቮልት የሚሰጥ ሊናክ ባለበት ሁሉ ስስ የመዳብ ቁራጭ ጨረሩ ሥር ይቀመጥ። ከመዳብ-63 አስኳል አንድ ኒውትሮን ይፈናቀልና መዳብ-62 ይሆናል፤ እሱም በ9.7 ደቂቃ ይጋመሳል። ተማሪው ቁራጩን አውጥቶ ጋይገር መቁጠሪያ ሥር ያድርገው፣ በየደቂቃው ይመዝግብ፣ ግራፉን ይሳል። በአንድ ሰዓት ውስጥ፣ ከሌላ አገር ሰንጠረዥ ያልተቀዳ፣ የራሱ የኒውክሌር ቁጥር ይኖረዋል።