መረጃዎን ሰርቨሩ ውስጥ ወይስ በኔትወርክ?

ዱባይ ተራ ያለ አስመጪ የሂሳብ፣ የመጋዘንና የሽያጭ ፕሮግራሞቹን በሦስት ኮምፒዩተር ከማሠራት ይልቅ አንድ ሰርቨር ገዝቶ «ቨርቹዋላይዜሽን» በሚባለው ዘዴ እንደ ሦስት ማሽን ሊከፋፍለው ይችላል። ጥያቄው መረጃው የት ይቀመጥ የሚለው ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ከውጭ የሚገባ ዕቃ ስለተወደደ፣ ያለ ቦታው የተገዛ ዕቃ ካፒታል ይበላል።

አንደኛው ምርጫ ዲስኩን እዚያው ሰርቨሩ ውስጥ መግጠም ነው። ተራ «ኤስ.ኤስ.ዲ.» ዲስክ በሴኮንድ እስከ 550 ሜጋባይት ያነባል። ሁለተኛው ለብቻው የቆመ የማከማቻ ሣጥን በኔትወርክ ማገናኘት ነው። የተለመደው የ1 ጊጋቢት መስመር ግን በሴኮንድ ከ125 ሜጋባይት በላይ አያሳልፍም፤ የ10 ጊጋቢቱ ደግሞ የራሱን ካርድና ስዊች ይፈልጋል። በዚያ ላይ ሣጥኑ ወይም ስዊቹ ቢበላሽ ሦስቱም ሥራ ባንዴ ይቆማል።

የኔትወርክ ማከማቻ ጥቅሙ የሚታየው ሁለት ሰርቨር ሲኖር ነው፤ አንዱ ቢበላሽ ሌላው ሥራውን ይረከባል። አንድ ሰርቨር ላለው ነጋዴ ግን አንድ ዓይነት መረጃ የሚይዙ ሁለት ዲስኮች ውስጡ መግጠምና መብራት ሲጠፋ የሚደግፍ «ዩ.ፒ.ኤስ.» መጨመር ይበቃዋል።

ይሁንና መንታ ዲስክ ከእሳት አያድንም። ጥቅምት 11 ቀን 2017 ዓ.ም. ምሽት ሸማ ተራ የተነሳው እሳት የብዙ ነጋዴ ንብረት አውድሟል። የዱቤ መዝገብ ከተቃጠለ ባለዕዳው የሚጠየቅበት ማስረጃ አብሮ ይጠፋል። ስለዚህ ከሣጥኑ የተረፈው ገንዘብ በየምሽቱ ቅጂ ወስዶ ከመርካቶ ውጭ ለማኖር ይዋል።