የመልእክት ወረፋ፦ ከባቲ ገበያ እስከ ከሚሴ

ስልኩን ለዘጋ ሰው አጭር የጽሑፍ መልእክት ብንልክለት መልእክቱ ወዲያውኑ አይጠፋም። በቴሌኮሙኒኬሽን ማእከሉ ዘንድ ለተወሰነ ጊዜ ተቀምጦ ይቆይና ባለቤቱ ስልኩን ሲከፍት ይደርሰዋል። በስልክ ለመነጋገር ግን ሁለቱም ወገኖች በአንድ ጊዜ መስመር ላይ መገኘት አለባቸው። የኮምፒዩተር ፕሮግራሞችም እርስ በርስ የሚገናኙት በእነዚሁ ሁለት መንገዶች ነው። የመጀመሪያውን መንገድ የሚከተለው ሥርዓት «የመልእክት ወረፋ» ይባላል። በዚህ ጽሑፍ አሠራሩንና የሚጠይቀውን ጥንቃቄ እንመለከታለን።

ለምሳሌ ያህል በአማራ ክልል የሚገኘውን የኦሮሞ ብሔረሰብ ዞን እንውሰድ። ሰኞ ሰኞ በሚውለው የባቲ ገበያ የአፋር አርብቶ አደሮች ከኦሮሞና ከአማራ ገበሬዎች ጋር ይገበያያሉ፤ እሑድ ደግሞ የሰንበቴ ገበያ ይደምቃል። በእነዚህ ገበያዎች የፍየልንና የማሽላን ዋጋ እየመዘገቡ የሚልኩ ሠራተኞች አሉ፣ መረጃውን የሚያጠናቅረው ኮምፒዩተር ደግሞ በዞኑ ዋና ከተማ በከሚሴ ይገኛል እንበል። ግንኙነቱ ቀጥተኛ ከሆነ፣ ከሚሴ ላይ መብራት በጠፋ ቁጥር የተላከው ዋጋ ሁሉ ተቀባይ ያጣል።

ሦስት ትእዛዞች

ወረፋው የሚቀመጠው በከሚሴም በባቲም ሳይሆን በተለምዶ «ክላውድ» በሚባሉት፣ በኢንተርኔት አማካይነት በሚከራዩ ኮምፒዩተሮች ላይ ነው። አማዞን በ1998 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 2006) ለተጠቃሚዎች በይፋ ያቀረበው «ኤስኪውኤስ» ከእነዚህ አገልግሎቶች አንዱ ነው። በዚህ ለመጠቀም ጽሑፍ ብቻ የሚቀበልና ጽሑፍ ብቻ የሚያሳይ ቀላል የኮንሶል ፕሮግራም ይበቃል። መሠረታዊዎቹ ትእዛዞች ሦስት ናቸው፦ ላክ፣ ተቀበል፣ ሰርዝ።

እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው፣ መቀበልና መሰረዝ የተለያዩ መሆናቸው ነው። የከሚሴው ፕሮግራም መልእክቱን ሲቀበል ወረፋው መልእክቱን አያጠፋውም፤ ሌላ ካልታዘዘ በቀር ለ30 ሴኮንድ ይሰውረዋል እንጂ። ፕሮግራሙ ዋጋውን መዝግቦ «ሰርዝ» ካለ ጉዳዩ ያበቃል። በመካከሉ መብራት ቢጠፋ ግን መልእክቱ እንደገና ወደ ወረፋው ይመለሳል።

ይህ ጥበቃ ዋጋ አለው። ፕሮግራሙ ዋጋውን መዝግቦ ከመሰረዙ በፊት ቢቋረጥ ያው መልእክት ሁለተኛ ጊዜ ይመጣል። አንድ የፍየል ዋጋ ሁለት ጊዜ ሲገባ አማካዩ ይዛባል፤ መልእክቱ የክፍያ ትእዛዝ ቢሆን ደግሞ ገንዘብ ሁለት ጊዜ ይወጣል። መፍትሔው ላኪው ለእያንዳንዱ መልእክት የራሱ የሆነ መለያ ቁጥር እንዲሰጥ፣ ተቀባዩም ያንን ቁጥር ቀድሞ መዝግቦት እንደሆነ እንዲያረጋግጥ ማድረግ ነው። በተራው የወረፋ ዓይነት የመልእክቶች ቅደም ተከተልም ዋስትና ስለሌለው ዋጋው የተመዘገበበት ሰዓት አብሮ መላክ ይኖርበታል።

ወረፋው መቼ ያልቃል?

በየደቂቃው 2 መልእክት ይገባል፤ የከሚሴው ኮምፒዩተር ለ3 ሰዓት ተቋረጠ እንበል። የተጠራቀመው 2 × 180 = 360 መልእክት ይሆናል። ኮምፒዩተሩ ሥራ ሲጀምር በደቂቃ 8 መልእክት ቢያስተናግድም 2 አዳዲስ ስለሚገቡ ወረፋው የሚቀንሰው በ6 ብቻ ነው። ስለዚህ ወረፋው የሚያልቀው ከ360 ÷ 6 = 60 ደቂቃ በኋላ ነው። የማስተናገድ አቅሙ በደቂቃ ከ2 በታች ቢሆን ኖሮ ወረፋው ያለማቋረጥ ባደገ ነበር። የውኃ ጋንን በሚመለከት የምንሠራው የፊዚክስ ስሌትም ከዚህ አይለይም።

ወረፋውም ቢሆን ገደብ አለው። ኤስኪውኤስ መልእክትን የሚያቆየው በተለመደው አሠራር 4 ቀን፣ ቢበዛ 14 ቀን ነው። ከዚህም በላይ፣ መስመሩ የተቋረጠው በላኪው በኩል ከሆነ መልእክቱ ከነጭራሹ ወደ ወረፋው አይገባም። በ2015 ዓ.ም. ክረምት በአማራ ክልል የተቋረጠው የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ሳይመለስ መቆየቱ ይታወሳል። ስለሆነም የባቲው ፕሮግራም እያንዳንዱን ዋጋ በቅድሚያ በራሱ ኮምፒዩተር ፋይል ውስጥ ሊጽፈው፣ ወረፋው መቀበሉን እስኪያረጋግጥለትም ድረስ እንዳያጠፋው ያስፈልጋል።

ከዚህ የምንረዳው አንድ ቀላል ደንብ ነው፦ ቀጣዩ ወገን መረከቡን ሳያረጋግጥ ማንም በእጁ ያለውን መልእክት መጣል የለበትም። ወረፋ የሚሠሩ ተማሪዎቻችን ፕሮግራማቸውን መፈተን ያለባቸው መስመሩ ሲሠራ ብቻ ሳይሆን፣ በሥራ መካከል ሆን ብለው ገመዱን በመንቀል ጭምር ነው።