ለአንድ ሌሊት የተከፈተ በር

ከሰኔ አጋማሽ ጀምሮ ስልኬ የሚጮኸው ለአንድ ጉዳይ ነው። «ወንድሜ፣ ቢሮ ያለውን ኮምፒውተሬን ከቤት ሆኜ የምሠራበትን መንገድ ዛሬውኑ አብጅልኝ።» ደዋዮቹ ባብዛኛው የሒሳብ ሠራተኞች ናቸው። የበጀት ዓመቱ ሰኔ 30 ይዘጋል፤ የሒሳብ ፕሮግራሙ ፒችትሪ ያለው ቢሮ ነው፤ ከምሽቱ ሦስት ሰዓት በኋላ ታክሲ ፍለጋ መንገድ ላይ መቆም ደግሞ ለማንም አይመከርም። ጥያቄው ተገቢ ነው። እኔን የሚያሳስበኝ «ዛሬውኑ» የምትለዋ ናት። በጥድፊያ የሚከፈት በር ማን እንደሚዘጋው ሳይነገር ነው የሚከፈተው።

በጥድፊያ ጊዜ መጀመሪያ ትዝ የሚለው ዘዴ በቢሮው ራውተር ላይ 3389 ፖርትን ወደ ኮምፒውተሩ ማዞር ነው። የዊንዶውስ ሪሞት ዴስክቶፕ የሚጠብቀው በዚያ ቁጥር ነው። ሥራው ደቂቃዎች ብቻ ይፈጃል፤ ከቤትም ወዲያው ይገናኛል። በማግስቱ ግን የዊንዶውስን የደኅንነት መዝገብ ከፍቶ 4625 የሚለውን ቁጥር ማየት ነው። ያልተሳካ የመግባት ሙከራ የሚጻፈው በዚህ ቁጥር ነው። «አድሚኒስትሬተር»፣ «አድሚን»፣ «ዩዘር»፣ «ቴስት» በሚሉ ስሞች የተሞከረው ሁሉ ተደርድሮ ይገኛል። የሚሞክረው አካል ቢሮውን አያውቀውም፤ የኢንተርኔት አድራሻዎችን አንድ በአንድ እያንኳኳ የሚያልፍ ፕሮግራም ነው። ፖርቱን በሌላ ቁጥር መለወጥም ጥቂት ያዘገየው ይሆናል እንጂ አያግደውም።

«የይለፍ ቃሌ ከባድ ነው» ለሚሉኝ ብሉኪፕን አነሣላቸዋለሁ። እ.ኤ.አ. በሜይ 2019 ይፋ የሆነው ይህ የሪሞት ዴስክቶፕ ክፍተት የይለፍ ቃል ሳይጠየቅ የሚያስገባ ነበር። ማይክሮሶፍት ድጋፉን ካቋረጠ አምስት ዓመት ላለፈው ዊንዶውስ ኤክስፒ ሳይቀር ማስተካከያ ያወጣው ለዚህ ነው። ቃሉ ቢከብድ ባይከብድ ለውጥ አልነበረውም።

ሁለተኛው አቋራጭ ኮምፒውተርን ከርቀት የሚያሠሩት ኤኒዴስክና መሰሎቹ ናቸው። ፕሮግራሙ የሚያሳየውን ቁጥር በስልክ ማንበብ፣ ቋሚ የይለፍ ቃል መስጠት፣ አለቀ። ፕሮግራሙን አልጠላውም፤ ለአንድ ጊዜ እርዳታ እኔም እጠቀምበታለሁ። የምጠላው ከቴሌግራም ቻናል የወረደውን ኢንስታለርና ሰው የሌለበት ኮምፒውተር ላይ ለዓመታት የሚቀረውን ቋሚ የይለፍ ቃል ነው። ኩባንያው ራሱ እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 2024 ሰርጎ ገቦች ዋና ሲስተሞቹ ውስጥ መግባታቸውን አሳውቆ የደንበኞችን የይለፍ ቃሎች ለመሰረዝ ተገዶ ነበር። ሌላም ብዙ ሰው የማያስበው ነገር አለ። በዊንዶውስ ሪሞት ዴስክቶፕ ሲገቡ የቢሮው ስክሪን ይቆለፋል። በኤኒዴስክ ግን ካልከለከሉት በስተቀር እርስዎ ቤት የሚያዩትን ቢሮ ያለው ስክሪንም ያሳያል። የደመወዝ ሰነድ በሌሊት ተከፍቶ፣ ዘበኛው ወንበር ስበው ሲመለከቱ እንደነበር የሰማሁበት ቢሮ አለ።

እኔ የምመርጠው ሪሞት ዴስክቶፕን ከቪፒኤን (ከተመሰጠረ የግል መስመር) ጀርባ ማስቀመጥ ነው። 3389 ለውጭው ዓለም አይታይም፤ ከቤት የሚመጣው ሰው መጀመሪያ በቪፒኤኑ ያልፋል፣ ከዚያ ኮምፒውተሩን ያገኛል። እ.ኤ.አ. በማርች 2020 ሊኑክስ ከርነል ውስጥ የገባውን ዋየርጋርድ የተባለ ቪፒኤን የወደድኩት ዝምተኛ ስለሆነ ነው። ትክክለኛውን ቁልፍ ላልያዘ ምንም መልስ ስለማይሰጥ፣ የሚያንኳኳው ፕሮግራም በዚያ አድራሻ ሰው ያለ አይመስለውም። የቢሮው ኮምፒውተር ግን ዊንዶውስ ፕሮ መሆን አለበት፤ ሆም የሚባለው ሪሞት ዴስክቶፕ ተቀባይ አይሆንም። ይህን ሳያዩ ላፕቶፕ ገዝተው የሚጠሩኝ ብዙ ናቸው።

«ቪፒኤን ካለን የፒችትሪውን ፎልደር ብቻ ለምን ከቤት አንከፍተውም?» የሚለው ጥያቄም አይቀርም። ፒችትሪ በቢሮ ውስጥ ኔትወርክ እንዲሠራ የተሰናዳ ነው። ዳታውን በቀርፋፋ መስመር እየጎተተ ሲሠራ መሐል ላይ መስመሩ ከተቆረጠ፣ የዓመቱ ሒሳብ ሊበላሽ ይችላል። በሪሞት ዴስክቶፕ ግን የሚጓጓዘው የስክሪኑ ምስልና የኪቦርዱ ምት ብቻ ነው። መስመሩ ቢቋረጥ ፕሮግራሙ ቢሮ ውስጥ እንደተከፈተ ይጠብቃል።

አድራሻ ላይ የሚቸገሩም አሉ። ራውተሩ የተሰጠው የውጭ አድራሻ ከ100.64 እስከ 100.127 ባለው ውስጥ ከሆነ፣ አድራሻውን ከብዙ ደንበኞች ጋር እየተጋራ ነውና ከውጭ በቀጥታ አይደረስበትም። ያኔ ወይ ቋሚ አድራሻ መጠየቅ፣ ወይም ሁለቱም ወገን ወደ ውጭ ወጥተው የሚገናኙበትን እንደ ቴይልስኬል ያለ አገልግሎት መጠቀም ያስፈልጋል። (አንዳንዱን ቢሮ እስካሁን ያዳነው ይኸው ከውጭ አለመደረሱ ይመስለኛል።)

ይህ ሁሉ ተሰናድቶ መብራት ይጠፋል። ዩፒኤሱ ጥቂት ደቂቃ ይይዝና ይለቃል፤ መብራቱ ሲመለስ ኮምፒውተሩ እንደጠፋ ያድራል። ስለዚህ ባዮስ ውስጥ ገብቶ መብራት ሲመለስ ኮምፒውተሩ ራሱ እንዲነሣ ማዘዝ የሥራው አካል ነው። ሌላው የሥራው አካል ከጥበቃው ጋር መነጋገር ነው። አንድ ቢሮ ማታ ማታ ግንኙነቱ የሚሞትበትን ምክንያት ስፈልግ፣ ለካ ዘበኛው ጋሼ ዘወትር አንድ ሰዓት ላይ ዋናውን ማብሪያ ያጠፉ ነበር። «ልጄ፣ እሳት ቢነሣ ተጠያቂው ማን ነው?» አሉኝ። ተገቢ ጥያቄ ነው። ኮምፒውተሩንና ራውተሩን ከሌላው መስመር ለይተን ጋሼም የቀረውን እያጠፉ ቀጠሉ።

ከቪፒኤን ቁልፉ በተጨማሪ በስልክ አፕ የሚወጣ ባለ ስድስት አኃዝ ኮድ እጨምራለሁ። በየ30 ሴኮንዱ የሚለወጥ ሲሆን ኔትወርክ ባይኖርም ይሠራል፤ ኤስኤምኤስ እስኪመጣ መጠበቅ የለም። እዚህ ላይ አንድ የእኛ አገር ጉድ አለ። ኮዱ የሚሰላው ከስልኩ ሰዓት ነው። አንድ ሥራ አስኪያጅ «አልቀበል አለኝ» ብለው ደጋግመው ደወሉ፤ ስልካቸውን ሳየው ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ ሦስት ይላል። ሰዓቱን በእጃቸው ወደ ሐበሻ አቆጣጠር መልሰውታል። ለአፑ ያ ማለት ስድስት ሰዓት ያረጀ ኮድ ማውጣት ነው። ሰዓቱን በራሱ እንዲሞላ መልሰን፣ የኢትዮጵያን ሰዓት የሚያሳይ አፕ ፊት ላይ አደረግንላቸውና ተግባባን።

አሁን ስለ መዝጋቱ። እ.ኤ.አ. በሜይ 2021 ከቴክሳስ እስከ ኒውዮርክ አካባቢ ነዳጅ የሚያመላልሰው ኮሎኒያል ፓይፕላይን መስመሩን ለቀናት ዘግቶ ኮምፒውተሮቹን ለቆለፉበት አጋቾች 4.4 ሚሊዮን ዶላር ገደማ የሚያወጣ ቢትኮይን ከፍሏል። አጥቂዎቹ የገቡት በቪፒኤን ነው፤ ማንም በማይጠቀምበት፣ ነገር ግን ባልተዘጋ አሮጌ አካውንት። የኩባንያው ሥራ አስኪያጅ ጆሴፍ ብላውንት ለአሜሪካ ሴኔት ሲያስረዱ፣ የይለፍ ቃሉ ቀላል እንዳልነበረ ተናግረዋል። ሁለተኛ ማረጋገጫ ግን አልነበረውም። በእኛም ዘንድ በመጋቢት 2012 ኮሮና ሲገባና ሠራተኛው ከቤት ይሥራ ሲባል በአንድ ሳምንት ብዙ በር ተከፍቷል። ራውተር ላይ ገብቼ «ይህ ምንድን ነው?» ስል፣ «የኮሮና ጊዜ ነው» የሚል መልስ ዛሬም ያጋጥመኛል።

ስለዚህ አዲስ አካውንት ስከፍት የሚያበቃበትን ቀን አብሬ እሞላለሁ፤ ዊንዶውስም ይህን ይፈቅዳል። ለሒሳብ መዝጊያ የተጠየቀ ከሆነ ሐምሌ ማብቂያ ላይ ራሱ ይሞታል፤ የፈለገው ደውሎ ያስቀጥላል። ይከራከሩኛል። «ይቆይ እንጂ፣ ለከርሞም ያስፈልገናል» ይላሉ። እኔ ደግሞ ሒሳብ ሠራተኛዋ ብትለቅ ማን ይነግረኛል ብዬ እጠይቃለሁ። ብዙውን ጊዜ መልስ የለም። መሥሪያ ቤቶቻችን ለቃቂን ያለ ክሊራንስ አይሸኙም። ለቁልፍ፣ ለወንበር፣ ለካልኩሌተር ሳይቀር ፊርማ አለ፤ ከቤት ለሚገባበት መንገድ ግን ቅጹ መስመር የለውም። ሁለት ደንበኞቼን ለምኜ በቅጹ ላይ አንድ መስመር አስጨምሬያለሁ። እዚያ ላይ የምፈርመው የቪፒኤን ቁልፉን ሰርዤ፣ የዊንዶውስ አካውንቱን ዘግቼ፣ ኤኒዴስክ ተረስቶ ካለም አጥፍቼ ነው። የአንደኛው ሰው ኃይል ኃላፊ መጀመሪያ ተቃውመው ነበር፤ «ገንዘብ ያዥዋ ከአንተ ምን ተረከበች?» ብለው።