ከድምፃዊው ጀርባ ያለው ሰው፦ ኤልያስ መልካ

በዚህ ዕትም ዘፋኝ ስላልሆነ አንድ የሙዚቃ ሰው ልጽፍላችሁ ነው። ድምፁን ላታውቁት ትችላላችሁ፤ ሥራውን ግን በታክሲ ውስጥ፣ በሠርግ ቤት፣ በእረፍት ሰዓትም በእኛው ሚኒ ሚዲያ ሰምታችኋል። ስሙ ኤልያስ መልካ ይባላል።

ስለ እሱ ከመናገሬ በፊት አንድ ነገር ላስረዳ፤ አለበለዚያ ሥራው ምን እንደሆነ አይገባችሁም። አንድ ዘፈን ዘፋኙ ከመዝፈኑ በፊት ሦስት ነገር ይፈልጋል፦ ግጥም፣ ዜማና ቅንብር። ግጥም ቃሉ ነው። ዜማ ደግሞ ቃሉ የሚወጣበትና የሚወርድበት መንገድ ነው፤ ስታፏጩ የምታፏጩት ዜማውን ነው ማለት ነው። ቅንብር የሚባለው የቀረው ሁሉ ነው። ድራሙ እንዴት ይምታ? ቤዝ ጊታሩ ምን ይበል? ማሲንቆ ይግባ ወይስ አይግባ? የትኛው ቦታ ላይ መሣሪያው ሁሉ ዝም ብሎ ዘፋኙ ብቻውን ይቅር?

ይህ ከባድ ከመሰላችሁ በእንቁጣጣሽ ሴቶቹ የሚጫወቱትን አበባየሁሽን አስቡ። አንዷ ታወጣለች፣ ሌሎቹ ይቀበላሉ፣ ከበሮና ጭብጨባ አለ። አሁን ከበሮውንና ጭብጨባውን አስወጡና በቦታው ቀስ ያለ ፒያኖ አስገቡ። ያው ዘፈን ሆድ የሚያባባ ይሆናል። ፒያኖውን ትታችሁ ድራምና ቤዝ ጊታር ብታስገቡበት ደግሞ ሰው ተነስቶ ይጨፍራል። ቃሉም ያው ነው፣ ዜማውም ያው ነው፤ የተለወጠው ቅንብሩ ብቻ ነው። አቀናባሪ የምንለው ይህንን የሚወስነውን ሰው ነው። ፕሮዲዩሰር የሚለው ቃል ትንሽ ያምታታል፤ በእኛ አገር ገንዘቡን አውጥቶ አልበሙን የሚያሳትመውም ፕሮዲዩሰር ይባላል፣ ስቱዲዮ ውስጥ ሥራውን የሚመራውም ፕሮዲዩሰር ይባላል። እኔ እዚህ የምለው ሁለተኛውን ነው።

ኤልያስ መልካ አቀናባሪ ብቻ አልነበረም። ግጥም ይጽፋል፣ ዜማ ይደርሳል፣ ያቀናብራል፣ መሣሪያም ይጫወታል። ሙዚቃ የተማረው በያሬድ የሙዚቃ ትምህርት ቤት ሲሆን እዚያ ያጠናው መሣሪያ ቼሎ ነው። ቼሎ ማለት ትልቅ ቫዮሊን የሚመስል፣ ተቀምጠው በጉልበት መካከል ይዘው በደጋን የሚጫወቱት ባለ አራት ክር መሣሪያ ነው። በኋላ ከተለያዩ ባንዶች ጋር ሠርቷል፤ ዛዮን ባንድና አፍሮ ሳውንድ ባንድ ከእነዚህ ውስጥ ናቸው። ከዚያም የራሱን ስቱዲዮ ከፈተ፣ ስሙንም በገና ስቱዲዮ አለው። አንድ ያስገረመኝን ነገር ልንገራችሁ። የተማረው ባለ አራት ክር ቼሎ ነው። ስቱዲዮውን የሰየመው ባለ አሥር አውታር በሆነው በበገና ነው። መጨረሻ ላይ ከጓደኞቹ ጋር ያቋቋመው ሥራ ደግሞ አውታር ይባላል፤ አውታር ያው የመሣሪያ ክር ማለት ነው። ሆን ብሎ ይሁን በአጋጣሚ፣ ሕይወቱ በሙሉ ከክር አልወጣም።

ሥራዎቹን ስናይ አንዱ ከሌላው አይመሳሰልም። በፈረንጆች አቆጣጠር በ2001 የወጣው የቴዲ አፍሮ አቡጊዳ አልበም ላይ ሠርቷል፤ ያኔ ቴዲ ገና ጀማሪ ነበር። በ2005 የዘሪቱ ከበደን የመጀመሪያ አልበም ሠራ። የዘሪቱ ዘፈኖች ጊታር የሚበዛባቸው፣ ረጋ ያሉ ናቸው፤ በዚያን ጊዜ ከለመድነው ለየት ይሉ ነበር ይላሉ ታላላቆቻችን። (እኛ አብዛኞቻችን ያኔ አልተወለድንማ!) ከዚያ ደግሞ የእዮብ መኮንን እንደ ቃል የሚለው አልበም አለ፤ ይኼኛው ሬጌ ነው።

ሬጌ ከሌላው በምን ይለያል ለምትሉ፣ እንዲህ ሞክሩት። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት እያላችሁ እኩል ቁጠሩ። በሬጌ ጊታሩ አጠር አድርጎ ጨክ የሚለው ብዙውን ጊዜ ሁለትና አራት ላይ ነው፤ አንድ ላይ ዝም ይላል። ለዚህ ነው ሬጌ ስንሰማ ሰውነታችን ወደ ኋላ የሚል የሚመስለው። የእኛው ችክችካ ግን በሌላ መንገድ ነው የሚቆጠረው፤ በስድስት ተቆጥሮ ለሁለት ይከፈላል፣ ትከሻ የሚያስነሳውም እሱ ነው። ከዚህ በላይ ደግሞ ቅኝት አለ፦ ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰል፣ አንቺሆዬ። እያንዳንዳቸው አምስት አምስት ድምፅ ነው ያላቸው። የውጭ አገር ምት አምጥቶ የአገር ቅኝት ላይ ሲያስቀምጡት ሳይጋጭ እንዲሄድ ማድረግ ቀላል አይደለም። እኔ በበኩሌ የኤልያስ ችሎታ እዚህ ጋ ይመስለኛል። አንድ ዓይነት አሠራር ይዞ ሁሉንም ዘፋኝ በዚያው ልክ አይሰፋም፤ ለእያንዳንዱ በልኩ ነው የሚሰፋው። በዚህ የማይስማማ ካለ በሚቀጥለው ዕትም ይጻፍብኝ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ዘፋኝ መድረክ አለው፤ ኮንሰርት ቢያዘጋጅ ይከፈለዋል። ግጥም የጻፈው፣ ዜማ የደረሰውና ያቀናበረው ግን መድረክ ላይ አይወጡም። ዘፈኑ ከፍላሽ ወደ ፍላሽ፣ ከስልክ ወደ ስልክ በነፃ ሲዞር እነሱ ምንም አያገኙም። በአገራችን ለዚህ ሕግ አለ። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ይባላል። በዚህ አዋጅ ሥራ አመንጪው ከሥራው የመጠቀም መብት አለው፤ መብቱም በሕይወት እያለ ብቻ ሳይሆን ከሞተ በኋላ ለ50 ዓመት ወራሾቹ ጋ ይቆያል። ስሙ ከሥራው ጋር እንዲጠራም መብት አለው። ሕግ መኖሩ ግን ፍላሽ መገልበጥን አላስቆመም።

ኤልያስ ስለዚህ ነገር ብዙ ተከራክሯል። በ2011 ዓ.ም. ከሌሎች ሙዚቀኞች ጋር ሆኖ አውታር የተባለውን የስልክ መተግበሪያ አስጀመረ። አድማጩ በስልኩ ሒሳብ ከፍሎ ዘፈን ይገዛል፣ ገንዘቡም ሥራውን ለሠሩት ሰዎች ይደርሳል። ሐሳቡ ይኼ ነው። ኤልያስ ግን ብዙም ሳይቆይ መስከረም 23 ቀን 2012 ዓ.ም. አረፈ። ገና በአርባዎቹ መጀመሪያ ላይ ነበር። እኛ ያኔ ትንንሽ ልጆች ነበርን።

ይህ ነገር እኛን ሚኒ ሚዲያዎችን የሚመለከተን ስም ላይ ነው። ድሮ ካሴት ሲገዛ ውስጡ የሚታጠፍ ወረቀት ነበረው። አባቴ ያስቀመጣቸውን አይቻለሁ፤ በደቃቅ ጽሑፍ ግጥም እገሌ፣ ዜማ እገሌ፣ ቅንብር እገሌ ይላል። አሁን እኛ ክበብ የሚመጣው ፍላሽ ላይ ያለው ትራክ 01፣ ትራክ 02 ነው። አንዳንዱ የዘፋኙም ስም የለውም። እንዲህ ከቀጠለ እነዚያ ደቃቅ ስሞች ከካሴቱ ጋር ይጠፋሉ።

ስለዚህ በክበባችን ስብሰባ ላይ ዘፈን ስናሰማ የሦስቱም ስም ይነገር ብዬ ሐሳብ አቀረብኩ። አንዳንድ ልጆች እረፍት እኮ 15 ደቂቃ ናት፣ ስም ስትጠሩ ያልቃል አሉ። ሰዓት ይዤ ለካሁት። ሦስት ስም ከነአባት ለመጥራት 6 ሰከንድ ይፈጃል። አራት ዘፈን ብናሰማ 24 ሰከንድ ነው፤ ማይኩ እየጮኸ የምናስተካክልበት ጊዜ ከዚህ ይበልጣል። መምህራችንም ሰምተው ለአንድ ወር ሞክሩት ብለውናል።

ችግሩ ስሞቹን ከየት እናምጣቸው የሚለው ነው። ቤታችሁ የቆየ ካሴት ወይም ሲዲ ካለ፣ ቤተሰብ አስፈቅዳችሁ ወረቀቱን ብቻ ለክበባችን አምጡልን። በደብተር ገልብጠን በማግሥቱ እንመልሳለን። ማክሰኞና ሐሙስ በምሳ ሰዓት ክበቡ ክፍል አለን።

ከ7ኛ ለ ክፍል፣ የሚኒ ሚዲያ ክበብ አባል