ስለት እንዴት ይወጣል?

የበዓል ዋዜማ ሲሆን ልደታ ኮንዶሚኒየም ደረጃ ላይ ቢላ የሚስል አይጠፋም፤ የሲሚንቶው ጠርዝ ከመሳል ብዛት ሟሟ። እኔ የሲኒ ቂጥ ይሻለኛል። ገልብጣችሁ እዩት፤ መቀመጫው ላይ ያልተቀባ ሻካራ ቀለበት አለው፤ ከቡና በኋላ ሞረድ ይሆናል።

ስለት ሁለት ገጾች የሚገናኙበት መስመር ነው። ቢላ ዶለዶመ የምንለው ያ መስመር ሲድቦለቦል ነው። መሳል ማለት ገጾቹ እንደገና እስኪገናኙ መፋቅ ነው። መገናኘታቸውን የሚያውቀው አውራ ጣት ነው፤ ከተሳለው ወገን በተቃራኒ፣ ከገጹ ወደ ጫፉ ቀስ ብላችሁ ስትዳብሱ ጣት የሚይዝ ነገር አለ። ወደዚያ የታጠፈ ቀጭን የብረት ከንፈር ነው። ካልመጣ ገና ናችሁ። ከመጣ ግን በቀላል እጅ ወዲህና ወዲያ እያሉ ማራገፍ ነው፤ ብዙ ሰው ይህቺን ይዘላትና «ቢላው ስለት አይዝም» ይላል።

እንጨት ቶርኖ ቤት ሲገቡ ነገሩ ይከርራል። የአልጋና የበርጩማ እግር የሚያወጣ ሰው መሮውን በየጥቂት ደቂቃው ይስላል። 6 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ወይራ በደቂቃ 1500 ጊዜ ሲዞር፣ በዚያች አንድ ደቂቃ 280 ሜትር ያህል እንጨት ስለቱን ፍቆት ያልፋል። ሽንኩርት መክተፍ ከዚህ ጋር ምን አለው!

መሳያው ድንጋይ በሞተር የሚዞር ስለሆነ እጅ ከከበደ ጫፉ ሰማያዊ ይሆናል። ተራ የካርቦን ብረት ወደ 300 ዲግሪ ሲደርስ ነው እንዲህ የሚሆነው፤ ሰማያዊ የሆነው ክፍል ጥንካሬውን አጥቷል፣ ተፍቆ ማለቅ አለበት። ሃይ ስፒድ ስቲል እስከ 600 ዲግሪ ገደማ ይችላል፤ እሱን ደግሞ እንደጋለ ውኃ መንከር ሊሰነጥቀው ይችላል። የድሮውን ማዕዘን ላለመሳት ዘዴው ቀላል ነው፦ ገጹን በማርከር ቀብቶ፣ ሞተሩን አጥፍቶ ድንጋዩን በእጅ ማዞር። ቀለሙ ከላይ እስከ ታች ከለቀቀ ልክ ነው፤ ጫፉ ላይ ብቻ ከለቀቀ መሮው ቀና ብሏል።

የሚገርመኝ መፋቂያ የሚባለው የቶርኖ መሣሪያ ነው። እኔ ከቢላዬ የማራግፈውን ከንፈር ባለቶርኖው በመፋቂያው ላይ ሆን ብሎ ይተወዋል፤ የሚቆርጥለት እሱ ነውና። ከንፈሩ እስካለ ድረስ ከወይራው እንደ ሽንኩርት ልጣጭ የሳሳ ፍቅፋቂ ይወጣል። ሲያልቅ ዱቄት ብቻ ይቦናል፤ ያኔ ቶርኖውን አጥፍቶ ወደ ድንጋዩ ይሄዳል።